የአዳማ የድሮው ባቡር ጣቢያ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የድሮው ምድር ባቡር ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን ይዞታል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ይመላለሳሉ። ስለዚህ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤ አስቀመጥኳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ጣቢያ ነው? አዳማ ላይ ሁለት አለ እንዴ?

አዎ፣ ሁለት ነው። ዛሬ ባቡር ጣቢያ ሲባል ብዙ ወጣት የሚያስበው ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ነው። እኔ የማወራው መሀል ከተማ ስላለው ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲው አሮጌ ባቡር ይቆምበት ስለነበረው። ትልልቆቹ ሰዎች «ባቡር ጣቢያ» ሲሉ እሱን ማለታቸው ነው።

ጣቢያው ለከተማው ነው የተሠራው ወይስ ከተማው ጣቢያውን ተከትሎ መጣ?

ከተማው ነው ጣቢያውን ተከትሎ የመጣው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት አካባቢው ባዶ አልነበረም። ከብት አርቢ ኦሮሞዎች ይኖሩበት ነበር። አዳማ የሚለው ስም ራሱ ከኦሮምኛው «አዳሚ» ጋር ይያያዛል፤ ቁልቋል ማለት ነው። ሰውም ስምም ነበረው። ከተማ ግን አልነበረም።

ያኔ ባቡሩ የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። እንፋሎት ውሃ ይፈልጋል፣ ያውም ብዙ ውሃ። ሐዲዱ ደግሞ ነጠላ ነው። ሽቅብ የሚወጣው ባቡርና ቁልቁል የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት ጣቢያ መሥራት ግድ ነበር። ጣቢያ ካለ ሠራተኛ አለ። ሠራተኛ ካለ ምግብ የሚሸጥ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ልብስ የሚሰፋ ይመጣል። ቀጥሎ የእህል ነጋዴው መጣ። ከአርሲ ደጋ የሚወርደው እህል ወደ ባቡሩ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነበርና።

ካርታ አውጡና ተመልከቱ። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ሐዲዱ እንደ ዶቃ የሰካቸው ናቸው።

ስሙን በተመለከተ፣ ናዝሬት ያሉት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ1992 ወደ አዳማ ተመለሰ። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ካነጋገራችሁ ግን እስካሁን «ናዝሬት» ሊላችሁ ይችላል። አታርሙት። የዕድሜውን ግማሽ በዚያ ስም ሠርቶበታል።

ሐዲዱን ማን ሠራው? ስንት ጊዜ ፈጀ?

ሥራውን የጀመሩት አፄ ምኒልክና አማካሪያቸው የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ኢልግ ፈቃዱን ያገኘው በመጋቢት 1886 ነው። ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ግንባታው በ1890 ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ። በመጀመሪያው ዕቅድ ባቡሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ከሥሩ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ እንዲያ ተወለደች።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ። በ1900 አዲስ ፈቃድ በምኒልክ ሐኪም በዶክተር ቪታሊየን በኩል ወጣና ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ምኒልክ ግን አላዩትም፤ በ1906 ዐርፈዋል።

በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። ድንጋዩን የፈለጡት፣ ብረቱን የተሸከሙት የአገሬው ሰዎች፣ ሶማሌዎችና ዐረቦች ናቸው። የኢልግን ስም ሁሉም ያነሳዋል። የእነሱን ስም የሚያነሳ የለም። እኔን ሁሌም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሐዲዱ ለምን እንዲህ ጠበበ?

በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ ርካሽ ነው። ተራራ ሲቆረጥ ጠበብ ያለ መንገድ ይበቃዋል። ጥምዝምዙንም በቀላሉ ይታጠፋል። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መስመር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዋጋው በኋላ ነው የመጣው። ፍጥነቱም የሚሸከመው ጭነትም ውሱን ሆነ።

ባቡሩ ላይ መሳፈር ምን ይመስል ነበር?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። ድሬዳዋ ይታደራል፣ አዋሽ ይታደራል። ዛሬ ረጅም ይመስለናል። ከዚያ በፊት ግን ያው መንገድ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይወስድ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪና መጣች፤ ራሷን በራሷ የምትጎትት ፈጣን የመንገደኛ ፉርጎ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የናፍጣ ባቡሮች ገቡና እንፋሎቱ እየቀረ ሄደ።

የእኔ እውቀት ግን ከአያቴ ነው የሚጀምረው። አያቴ ጣቢያው ላይ ብርቱካንና ቆሎ ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ብዙ አይቆምም። ሴቶቹ ትሪያቸውን ወደ መስኮቱ አንስተው ይሮጣሉ። መንገደኛው ብርቱካኑን ይቀበልና ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ባቡሩ ይነሳል። «ታዲያ ገንዘብሽን ይዘውብሽ አይሄዱም?» ብዬ ጠየቅኳት። «የወረወሩልኝ ይበዛሉ» አለችኝ። ከዚያ ትሪዋን አስቀምጣ ሳንቲሙን ከጠጠሩ መሀል ትለቅማለች። የጣቢያው ታሪክ ለእኔ ይሄ ነው። ሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ባየሁ ቁጥር እጇ ይታየኛል።

ለገሃር፣ ፉርጎ፣ ቡፌ፦ እነዚህ ቃላት ከየት መጡ?

ከፈረንሳይኛ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት ለገሃር አልነው። ዕቃ መጫኛው ፉርጎ ሆነ። ጣቢያው አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ቡፌ ተባለ። የአዋሹ ቡፌ በመንገደኞች ዘንድ ዝነኛ ነው። ብዙ አያቶቻችን ፈረንሳይኛ ሳይማሩ ፈረንሳይኛ ሲያወሩ ኖረዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ጣቢያ አልፈዋል የሚባለው እውነት ነው?

መስመሩ አንድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ በባቡር የገባም የወጣም ሁሉ በአዳማ ያልፋል። የአዲስ አበባው ትልቁ ለገሃር ኅዳር 24 ቀን 1922 ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት ለዘውድ በዓሉ ከውጭ የመጡት እንግዶች ከጅቡቲ የተጓዙት በዚሁ ባቡር ነው።

ከባዱ ጉዞ ሌላ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው ባቡር በእኛ ከተማ አልፏል ማለት ነው። ይህን የሚነግር አንድ ሰሌዳ ጣቢያው ላይ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

ታዲያ ለምን ቆመ?

አንድ ምክንያት የለውም። ሰዎች «አዲሱ ባቡር ገደለው» ይላሉ። ልክ አይደለም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው በእኛ በኩል ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ የጎዳው መኪና ነው። ወደ አሰብ ጥሩ መንገድ ተሠራ። ዕቃው ከፉርጎ ወደ ከባድ መኪና ዞረ። ቀጥሎ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በ1969 እና 1970 ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ተቆረጠ። ተጠግኖ እንደገና ቢሠራም እንደ ድሮው አልሆነም።

ባለቤትነቱም ቀላል አልነበረም። በ1952 ድርጅቱ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ እኩል ሆነ። ጅቡቲ ነጻ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እሷ ዞረ። ሁለት መንግሥታት በአንድ አሮጌ ሐዲድ ላይ እኩል ይወስናሉ፤ ትልቅ ወጪ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ገንዘብ የላቸውም። ሐዲዱ አርጅቷል። የመቶ ዓመት ጥምዝምዝ ነው። ከሐዲድ መውጣት የተለመደ ነገር ሆነ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለባቡሩ ወርቃማ ዕድል ነበር። ግን ያን ሁሉ ጭነት የሚችል አቅም አልቀረውም። ጭነቱን ከባድ መኪና ወሰደው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እድሳት ተጀምሮ ነበር፤ ዳር ሳይደርስ ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዳማ የሚያልፈው ባቡር ዝም አለ።

ጣቢያውን ያቆመው እርጅና ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በጊዜው ያልተጠገነ ነገር ነው የሚያረጀው።

የአዋሹ አደጋስ?

በጥር 1977 አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። አዳማ ውስጥ ዛሬም ስለዚያ ቀን ስታነሱባቸው ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከዚህ በላይ አልጠይቃቸውም።

አዲሱ ባቡር ለምን በአሮጌው ሐዲድ አልሄደም?

አይችልም። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሮጌው 1,000። ጎማው አይገጥምም። አዲሱ በፍጥነት እንዲሄድ ስለተሠራም ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። መስከረም 25 ቀን 2009 ተመረቀ። ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ የሆኑት ለዚሁ ነው። መሀል ከተማ ለእንዲህ ያለ መስመር ቦታ የለም።

ለአሮጌው ሐዲድ ይህ መልካም አጋጣሚም ነው። ማንም ሊያፈርሰው አልተገደደም። ቦታው አልተፈለገበትም።

ጣቢያው ቅርስ ነው? ሕጉ ምን ይላል?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ማለት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ቤተ መንግሥት ብቻ ነው አይልም። የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ ታሪካዊ ዋጋ ያለው ሁሉ ሊካተት ይችላል። ባቡር ጣቢያ በደንብ ይገባል። ቋሚ ቅርስን ከቦታው ማንሳት የቅርስ ባለሥልጣኑን መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። እድሳትም ቢሆን ዝም ብሎ አይጀመርም። ይህን የምለው «ቀለም ብንቀባው ምን አለበት?» ለሚሉኝ ወዳጆቼ ነው። ሐሳባቸው ቀና ነው። ግን የድንጋይ ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም ከተቀባ ድንጋዩ አይተነፍስም። እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ልስኑ ይቦረቦራል።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

የአዲስ አበባው ለገሃር ሕንፃ ዙሪያው በሙሉ ሲለወጥ እሱ አልፈረሰም። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በጣሊያን ጊዜ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው። ሕንፃውና ሐውልቱ አብረው ስለሚታዩ ታሪኩ ይነበባል።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ድሬዳዋ ነው። እዚያ የተጠበቀው ሕንፃ ብቻ አይደለም። ወርክሾፑ አለ። ብረት መቅረጫ ማሽኖቹ፣ ቶርኖዎቹ አሉ። አሮጌ ባቡሮችና ፉርጎዎች አሉ። ከሁሉም በላይ በማሽኖቹ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ጎብኚ ሲመጣ ያስረዳሉ። አንድ ጋሼ ብሎን በእጁ ይዞ ምን ላይ እንደሚገባ ሲነግራችሁ ከየትኛውም ሰሌዳ ይበልጣል። ከልጆቻችሁ ጋር ድሬዳዋ ከሄዳችሁ ከዚራ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ወርክሾፑን አስፈቅዳችሁ ግቡ።

አሮጌ ሐዲድ ለአጥርና ለቤት ምሰሶ ሲሆን አይቻለሁ። ከመዛግ አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ በቁም ነገር እመልሳለሁ።

የሚጠይቁኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ብረት ውድ ነው። ሐዲድ ደግሞ ምስጥ አይበላውም፣ አይጎብጥም። የእኛ መስመር ሐዲዱ የሚያርፍበት አግዳሚ እንኳ ከእንጨት ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው። ቁራሌው በደስታ ይገዛዋል።

ግን አስቡት። ጣቢያ ያለ ሐዲድ ምንድን ነው? ቤት ነው። አሮጌ ቤት አዳማ ውስጥ ሞልቷል። ይህን ቤት ጣቢያ የሚያደርገው ከፊቱ የሚያልፈው ብረት ነው። ሐዲዱ ከተነሳ ልጅ መጥቶ «ባቡሩ በየት በኩል ነበር የሚመጣው?» ቢል ጣት የምንቀስርበት የለንም። ሕንፃው ቢታደስም፣ ካፌ ቢሆንም፣ ሙዚየም ቢሆንም ያው ነው። የሚያስፈልገን ረጅም አይደለም። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሐዲድ፣ አንድ የሐዲድ መቀየሪያ፣ የውሃ ታንከር ካለ ታንከሩ። እነዚህ አብረው ከቆሙ ማንም ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

ሕንፃ ሲፈርስ ሰው ይጮኻል። ሐዲድ ግን በሌሊት፣ አንድ በአንድ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ፎቶ ያነሳሁት ቁራጭ ሐዲድ በወሩ ስመለስ አልነበረም። የቀረው ጠጠሩ ነው።

በአዳማ ዙሪያ ሌላ እንዲህ ያለ ሥፍራ አለ?

አለ። ወንጂ አለ። በሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የተቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ማምረት ጀመረ። አሮጌው ፋብሪካ ሥራ አቁሞ በአዲስ ተተክቷል። ወንጂ ላይ ታሪኩ ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛ ሰፈሮቹም ናቸው። ቆቃም አለ። ግድቡ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ገደማ ያመነጫል። እሱ ግን አሁንም በሥራ ላይ ስለሆነ ጠባቂ አያጣም። ባቡሩ ነው ጠባቂ ያጣው።

እኔ ተራ ሰው ነኝ። ምን ላደርግ እችላለሁ?

ቤት ውስጥ ፈልጉ። አባት ወይም አያት ባቡር ላይ ከሠሩ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ አሮጌ ትኬት፣ ፎቶ ይኖራል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከጀርባው የማን እንደሆነና ዓመቱን ጻፉ። ጡረተኞቹን ቀረጻ ላይ አስገቧቸው። «ታሪክ ንገሩን» ካላችኋቸው ግን ስለ ምኒልክ ነው የሚነግሯችሁ። «ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ ምን ትሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ያኔ የራሳቸው ታሪክ ይወጣል። ኦሮምኛ የሚቀላቸውን በኦሮምኛ ቅረጹ።

ሐዲድ ሲነቀል ካያችሁ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀኑና ቦታው ይኑርበት። በቃል የተነገረ ነገር ከቢሮ ሳይወጣ ይረሳል።

ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። ምን ላሳያቸው?

ጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። ጥበቃ ካለ ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ፎቶ ለማንሳትም ጠይቁ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ አናጺ የሚይዘውን። ልጆቹ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ይለኩ። ከውስጥ ወደ ውስጥ ልክ አንድ ሜትር ሲመጣላቸው ፊታቸውን እዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሐዲዱን ጎን በጨርቅ ይወልውሉ። ፋብሪካዎች ሐዲድ ሲሠሩ ስማቸውንና ዓመቱን ጎኑ ላይ ያትማሉ። ዝገቱ ካልበላው በጣት ይነበባል። ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱላቸው።

በመጨረሻ በየት በኩል ጅቡቲ፣ በየት በኩል አዲስ አበባ እንደሆነ ይጠቁሙ። የእኔ ልጅ መጀመሪያ የጠቆመችው ተሳስታ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ብርቱካንም ያዙ።